ከቢቲ-50 ወደ ቢቲ-60 ለሚሰፋ ሮኬት አፍንጫ፣ መሸጋገሪያና ክንፍ ከባልሳ፦ ያለ ቶርኖ እንዴት ይሠራል?

ቀስተ_ደመና

ሰላም ለሁላችሁ። ተዘጋጅቶ የማይሸጥ ቅርጽ ስላለው ሞዴል ሮኬት ምክር ፈልጌ ነው። የላይኛው ቱቦ ቢቲ-50 የሚባለው የወረቀት ቱቦ መጠን (የውጭ ዲያሜትሩ 24.8 ሚ.ሜ.)፣ ርዝመቱ 200 ሚ.ሜ. ነው። የታችኛው ቢቲ-60 (41.6 ሚ.ሜ.)፣ ርዝመቱ 300 ሚ.ሜ.። በመካከላቸው 60 ሚ.ሜ. የሚረዝም መሸጋገሪያ፣ ከላይ ደግሞ ጎኑ የተቆለመመ (ኦጃይቭ) 90 ሚ.ሜ. አፍንጫ ይኖረዋል። ክንፎቹ አራት ናቸው፦ ከቱቦው ጋር የሚጣበቀው ሥር 80፣ ጫፋቸው 40፣ ከቱቦው ወደ ውጭ የሚወጡት 60 ሚ.ሜ.። የኋላ ጠርዛቸው ቀጥ ብሎ ከቱቦው መጨረሻ ጋር ይገጥማል፤ የፊት ጠርዛቸው ወደ ኋላ ያጋደለ ነው። ሞተሩ ዲ12-5 (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የሞዴል ሮኬት ሞተር) ነው።

ቶርኖ የለኝም። ያለኝ የእጅ ድሪል፣ ሞርሳ፣ ካሊፐርና የወጥ ቤት ሚዛን ነው። በድሪል የተሠራው የመጀመሪያው አፍንጫ ክብ አልሆነም፤ በአንድ በኩል ሲለካ 24.9፣ በሌላው 24.1 ሚ.ሜ. ነው። ትከሻውም (ቱቦው ውስጥ የሚገባው ክፍል) ላልቷል። ከ2.4 ሚ.ሜ. ባልሳ (በጣም ቀላል እንጨት) የተቆረጡት ክንፎች ደግሞ ማሸጊያ (የእንጨቱን ቀዳዳ የሚሞላ ቅብ) ከተቀቡ በኋላ እንደ ማንኪያ ጎበጡ።

ምን ዓይነት ባልሳ ይመረጣል? ክብነቱ በድሪል እንዴት ይጠበቃል? ፓራሹቱን በላይኛው ቱቦ ለማድረግ አስቤአለሁና እሱን ገፍቶ የሚያስወጣው የሞተሩ ጋዝ እንዲያልፍ መሸጋገሪያው ምን ያህል ይቦርቦር? አፍንጫው ውስጥስ ክብደት መጨመር ያስፈልጋል?

አናጢው_ዴንቨር

ሰላም እህቴ። ከእንጨቱ ልጀምር፤ ክብ አለመሆኑም መጉበጡም ግማሽ ምክንያቱ እዚያ ነው። ባልሳ በዓይን ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ አንድ መደርደሪያ ላይ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ የሚመዝነውም 250 ኪሎ የሚመዝነውም ጎን ለጎን ይቀመጣል። በአብዛኛው የሚመጣው ከኢኳዶር ነው። ዛፉ በጣም ፈጥኖ የሚያድግ ስለሆነ የአንድ ግንድ መሐልና ዳር እንኳ ክብደታቸው አይገናኝም። ስለዚህ ሚዛንሽን ይዘሽ ወደ መደብሩ ሂጂ።

51×51×305 ሚ.ሜ. የሆነ ድፍን ባልሳ ከ85 እስከ 110 ግራም ከመዘነ ለአፍንጫና ለመሸጋገሪያ ተስማሚ ነው። 150 ግራም ከደረሰ ተዪው፤ መሸጋገሪያሽ ከነትከሻዎቹ 100 ሴ.ሜ. ኩብ ያህል ስለሆነ በቀላሉ እንጨት 13 ግራም፣ በከባዱ 20 ግራም ይወጣዋል። ከ80 ግራም በታች የሆነውንም አትግዢ፤ ብርጭቆ ወረቀት ሲነካው ይቦጨቃል፣ በጥፍር ይሰረጉዳል። ለክንፍ የሚሆነው 3.2×76×914 ሚ.ሜ. ሉህ ደግሞ ከ33 እስከ 42 ግራም ይሁን።

አሁን ወደ ማሽከርከሩ። የእንጨቱ ጅማት ከአፍንጫው ጫፍ ወደ ትከሻው በርዝመት መሄድ አለበት። ከ32×32 ሚ.ሜ. ባልሳ 125 ሚ.ሜ. ቁረጪ፦ 90 ለአፍንጫው፣ 20 ለትከሻው፣ 15 ለትርፍ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት መስመር አስምረሽ ማዕከሉን አግኚ። በትከሻው በኩል 6 ሚ.ሜ. ስፋትና 40 ሚ.ሜ. ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ብሺ። ይህ ቀዳዳ ከጠመመ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ አያቃናውም፤ የቆመ ድሪል ያለው ሰው ዘንድ ወስዶ ማስበሳት ያዋጣል። 6 ሚ.ሜ. የጠንካራ እንጨት ክብ ዘንግ በቢጫ የእንጨት ኮላ አጣብቀሽ አሳድሪው። ሲደርቅ አራቱን ማዕዘን በቢላ ሸርፈሽ ስምንት ማዕዘን አድርጊው፤ አራት ማዕዘኑን እንዳለ ካሽከረከርሽው ብርጭቆ ወረቀቱን እየመታ ዘንጉን ያነቃንቀዋል።

ድሪሉ ተጋድሞ በሞርሳ ይታሰር፤ በእጅ ተይዞ አይሆንም። ፍጥነቱ መካከለኛ ይሁን። የ24.9 እና 24.1 ልዩነት የመጣው ብርጭቆ ወረቀቱ በጣት ስለተያዘ ይመስለኛል። በአንዱ ቁራጭ ውስጥ አንዱ ጎን ለስላሳ፣ ሌላው ጠንካራ ነው። ጣት ይለመጣል፤ ለስላሳው ጎን ሲበላ ጠንካራው ቆሞ ይቀራል። መፍትሔው ብርጭቆ ወረቀቱን 30×200 ሚ.ሜ. በሆነ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አጣብቆ፣ ጣውላውን ከጠረጴዛው ጋር በታሰረ መደገፊያ ላይ አስደግፎ መግፋት ነው። ጣውላው ከእንጨቱ ጋር አብሮ ካልተወዛወዘ የሚነካው ከፍ ያለውን ጎን ብቻ ነው። በ80 ቁጥር ጀምሪ፣ ወደ 150 ከዚያም ወደ 220 እለፊ፣ በ320 ጨርሺ። የባልሳ ብናኝ በጣም ደቃቅ ነውና የአፍ መሸፈኛና መነጽር ይኑርሽ።

ቅደም ተከተሉን አትለውጪ፦ መጀመሪያ ትከሻው፣ ቀጥሎ ሰፊው ዲያሜትር፣ መጨረሻ ላይ ቅርጹ። ትከሻው ለድሪሉ አፍ ቅርብ ስለሆነ የማይወላገደው እሱ ነው፤ ጫፉ ከቀጠነ በኋላ ግን መርገብገብ ይጀምራል። የቢቲ-50 የውስጥ ዲያሜትር 24.1 ሚ.ሜ. ነው ይባላል፤ አንቺ ግን የያዝሽውን ቱቦ ራሱን ለኪ። ትከሻውን ከለካሽው በ0.15 ሚ.ሜ. አሳንሺ። የአፍንጫውን ሰፊ ቦታ ደግሞ ከ24.8 ወደ 24.6 አውርጂው፤ ማሸጊያና ቀለም ያንን ይሞሉታል።

ለቅርጹ ከካርቶን ግማሽ ጎን ቅጂና እየገጠምሽ ተመልከቺ። ለ90 ሚ.ሜ. ኦጃይቭ የቅስቱ ራዲየስ 333 ሚ.ሜ. ያህል ነው። ከጫፉ 15 ሚ.ሜ. ላይ ዲያሜትሩ 7.7፣ በ30 ላይ 13.9፣ በ45 ላይ 18.7፣ በ60 ላይ 22.1፣ በ75 ላይ 24.1 ይሆናል። እነዚህን አምስት ቦታዎች በእርሳስ ምልክት አድርገሽ በካሊፐር እየለካሽ ከወረድሽ ካርቶኑ ማረጋገጫ ብቻ ይሆናል። ብዙዎች የሚስቱት በ60 እና በ75 መካከል ነው፤ አብዝተው ያወርዱትና ኦጃይቩ ወደ ሾጣጣ ይቀየራል።

መሸጋገሪያው በሁለቱም ጫፍ ትከሻ ስላለው አሠራሩ ትንሽ ይለያል። 51×51 ሚ.ሜ. የሆነ 120 ሚ.ሜ. ቁራጭ ውሰጂ (30 የታችኛው ትከሻ፣ 60 መሸጋገሪያው፣ 20 የላይኛው ትከሻ፣ 10 ትርፍ)። ከሁለቱም ጫፍ ወደ መሐል በስተሽ ዘንጉን ከዳር እስከ ዳር አሳልፊው። በአንድ ጫፍ ድሪሉ ይያዘው፤ ሌላው ጫፍ በጠንካራ እንጨት ላይ በተበሳና ሰም በተቀባ 6 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ውስጥ ይዙር። ይህ ለጊዜው የቶርኖውን የኋላ መደገፊያ ይተካል። ትርፍ ዘንጉን ስትጨርሺ ቁረጪው እንጂ ውስጥ ያለውን አታውጪው፤ ቀለበት ያለው ቪቴ በባልሳ ላይ ብቻ ከታሰረ ፓራሹቱ ሲከፈት ይነቀላል፣ በጠንካራው እንጨት ላይ ግን ይቆማል። ባለ 2 ሚ.ሜ. መብሻ አስቀድመሽ መንገድ ክፈቺለት፤ አለዚያ ዘንጉ ይሰነጠቃል።

ሚዛን_ጠባቂ

የፓራሹቱንና የክብደቱን ጥያቄ ልውሰድ።

መሸጋገሪያውን አትቦርቡሪው። ፓራሹቱን ወደ ቢቲ-60 አውርጂው። ሮኬቱ የሚለያይበት ቦታ መሸጋገሪያው ይሁን፦ የላይኛው ትከሻው ከቢቲ-50 ጋር በኮላ ይጣበቅ፣ የታችኛው ሳይጣበቅ ቢቲ-60 ውስጥ ይንሸራተት፣ አፍንጫውም ለዘለቄታው ይጣበቅ። ከ300 ሚ.ሜ. ቱቦ ላይ 95 ለሞተሩ ቱቦ፣ 30 ለትከሻው ሲቀነስ 175 ሚ.ሜ. ይቀራል። ለ45 ሴ.ሜ. ፓራሹትና እሳት ለማይዘው ወረቀት በቂ ነው። በቀዳዳ በኩል ጋዝ ማሳለፍ ከተፈለገ ግን ባልሳው ውስጡ ይከስላል፤ ቀዳዳውን በወረቀት ቱቦ መሸፈን ግዴታ ይሆናል፣ ጠባቡ ቢቲ-50 ውስጥ የታጨቀ ፓራሹትም ለመውጣት ያስቸግራል።

ስታጣብቂ አንድ ነገር አትርሺ። ቢቲ-50ው በሁለቱም ጫፍ ሊደፈን ነው። ሁለተኛውን ክፍል ስታስገቢ ውስጥ የታመቀው አየር ኮላው ሳይደርቅ መልሶ ይገፋዋል። ከቱቦው ጎን 1.5 ሚ.ሜ. ቀዳዳ አስቀድመሽ ብሺ። ቢጫው ኮላ ደግሞ በወረቀት ቱቦና በባልሳ መካከል ሲገባ ውኃው ሁለቱንም ስለሚያሳብጥ በሰከንዶች ውስጥ ይነክሳል። ኮላውን በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ቀብተሽ ሳታቆሚ በአንድ ግፊት እስከ መጨረሻው አስገቢው። መሐል ላይ ከቆምሽ እዚያው ይቀራል።

አሁን ሚዛኑ። የሞዴል ሮኬት መረጋጋት በሚሰላበት በባሮውማን ቀመር ሲሠራ የአንቺ ሮኬት የግፊት ማዕከል (የአየሩ የጎን ኃይል ተጠቃሎ የሚያርፍበት ነጥብ) ከአፍንጫው ጫፍ 563 ሚ.ሜ. ላይ ይውላል (አጠቃላይ ርዝመቱ 650 ነው)። ልብ ማለት የሚገባው፣ መሸጋገሪያው የሚያመነጨው የጎን ኃይል ከአፍንጫው ይበልጣል፦ ለአፍንጫው 2፣ ለመሸጋገሪያው 3.6፣ ለአራቱ ክንፎች 48። ክንፎቹ እጅግ ስለሚበልጡ ማዕከሉ ወደ ኋላ ተስቧል።

ሮኬቱ እንዲረጋጋ የክብደት ማዕከሉ ከግፊት ማዕከሉ ቢያንስ በአንድ የቱቦ ስፋት፣ በዚህ ሮኬት በ41.6 ሚ.ሜ.፣ መቅደም አለበት። ሞተሩንና ፓራሹቱን አስገብተሽ ሮኬቱን በክር አንጠልጥዪ። ሚዛኑ ከጫፉ 521 ሚ.ሜ. ላይ ወይም ከዚያ በፊት ከዋለ ጥሩ ነው፤ እንዲህ ባለ አሠራር ደግሞ ከዚያ በጣም ቀድሞ እንደሚውል እገምታለሁ። ስለዚህ አፍንጫው ውስጥ ምንም አትጨምሪ። የሚያሰጋው ተቃራኒው ነው፦ ልዩነቱ ከ2 ስፋት በላይ ሲሆን ሮኬቱ ከማስወንጨፊያው ዘንግ እንደወጣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞራል፤ ከፍታው ይቀንሳል፣ ከሜዳውም ይርቃል።

ክንፉን ብታሳንሺ አትፈሪ። ከቱቦው የሚወጣውን 60 ሚ.ሜ. ወደ 45 ብታወርጂው የግፊት ማዕከሉ ከ563 ወደ 544 ብቻ ይመጣል። 60 ሚ.ሜ. የሆኑ ሦስት ክንፎች ብታደርጊ ደግሞ 552 ላይ ይሆናል። ቁጥሮቹን ኦፕን ሮኬት በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ማረጋገጥ ትችያለሽ፤ ነፃ ነው፣ የእያንዳንዱን ባልሳ ትክክለኛ ክብደት በእጅ አስገቢለት።

ባለክንፍ

ስለ ክንፎቹ። ለዲ12 60 ሚ.ሜ. የሚወጣ ክንፍ በ2.4 ሚ.ሜ. ባልሳ ሳይሸፈን ሊርገበገብ ይችላል፤ 3.2 ተጠቀሚ። 3.2 ሚ.ሜ. የሆነ አንድ ክንፍ 2 ግራም ያህል ነው፤ በዚህ ላይ መቆጠብ አያስፈልግም።

የጅማቱ አቅጣጫ ከፊት ጠርዙ ጋር ትይዩ ይሁን። ከቱቦው ጋር ትይዩ ከሆነ ሮኬቱ ሲያርፍ ክንፉ ከሥሩ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ሉሁን ስትመርጪ ፊቱን ተመልከቺ፦ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ያለው ሉህ (ሲ የሚባለው አቆራረጥ) አይተጣጠፍም፣ ለመጉበጥም ያስቸግራል፤ ለክንፍ የሚሆነው እሱ ነው። ረጃጅም መስመር የሚታይበት፣ በወርዱ ሲያጥፉት እንደ ወረቀት የሚጠቀለለው (ኤ) ለክንፍ አይሆንም። የጎበጡት ክንፎችሽ ከዚህ ዓይነቱ ተቆርጠው ሊሆን ይችላል።

ዋናው የመጉበጥ ምክንያት ግን አንዱን ፊት ቀብቶ ሌላውን ለነገ መተው ነው። ባልሳ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጠው በርዝመቱ አይደለም፣ በጅማቱ አግድም ነው፤ አንዱ ፊት ሲያብጥና ሲሰበሰብ ሌላው ካልተከተለው ማንኪያ ይሆናል። ሁለቱንም ፊት በአንድ ጊዜ በስሱ ቀቢ፣ ሲነካ የማይጣበቅ ሲሆን በሰም ወረቀት መካከል አድርገሽ ከባድ መጽሐፍ ጫኝበትና አሳድሪው። የጎበጡትንም አትጣያቸው፤ ሁለቱን ፊት በእርጥብ ጨርቅ አርጥበሽ በዚሁ መንገድ ካሳደርሻቸው ብዙዎቹ ይቃናሉ።

ከማሸጊያ ይልቅ ግን ወረቀት ይሻላል ባይ ነኝ። ተራ የፕሪንተር ወረቀት በፊት ጠርዙ ላይ አጥፈሽ ሁለቱንም ፊት በአንድ ቁራጭ አልብሺው። ኮላው በስሱ ይቀባ፤ የዱላ ኮላ (ለተማሪ የሚሸጠው) ውኃው ስለሚያንስ ይመረጣል። በአራቱ ክንፍ ላይ የሚጨመረው ወረቀት 2.3 ግራም ገደማ ነው። ጉድጓድ መሙላቱም ይቀራል፣ ጥንካሬውም በእጅ ይታወቃል።

ስትቆርጪ አዲስ ምላጭ ያዢ፤ አንዴ ጫን ብሎ ከመቁረጥ አራት አምስት ጊዜ በቀስታ መመላለስ ይሻላል። አራቱን ክንፎች በመርፌ አንድ ላይ ሰክተሽ ጠርዛቸውን በአንድ ላይ ሞርጂ፣ እኩል ይሆናሉ። የፊቱን ጠርዝ አድቦልቡዪው፣ የኋላውን አቅጥኚው፣ ሥሩን ግን አትንኪው፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቅር። ቱቦው ላይ ምልክቶቹ በ32.7 ሚ.ሜ. ይራራቁ (ዙሪያው 130.7 ነው)። ክንፉ የሚያርፍበትን የቱቦውን የሚያብረቀርቅ ፊት በ220 አሻሽተሽ አንሺው፤ ኮላ በእሱ ላይ አይዝም። ከዚያ በሥሩ ላይ ኮላ ቀብተሽ ቱቦው ላይ ጫን አድርጊና አንሺው፤ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቀሽ ድጋሚ በስሱ ቀቢና አጣብቂው። ሁለተኛው ወዲያው ይይዛል። ሲደርቅ በሁለቱም ማዕዘን ኮላ በጣትሽ ሙዪበት። ሱፐር ግሉ ብቻውን እዚህ ቦታ ተሰባሪ ነው፤ መሬት ሲመታ ይለቃል።

ቀስተ_ደመና

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፓራሹቱን ወደ ታች አወርዳለሁ፣ ክንፉንም 45 አደርገዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። መሸጋገሪያው መለያያ ከሆነ የትከሻው ጥብቀት በምን ይለካል? አፍንጫውንስ በሙሉ ቀጭን ሱፐር ግሉ ባጠጣው ማሸጊያውን አይተካም?

አናጢው_ዴንቨር

ጥብቀቱን እንዲህ ፈትሺ፦ ሞተሩ ገብቶ ሳለ የላይኛውን ክፍል ይዘሽ ሮኬቱን አንጠልጥዪ። የታችኛው በራሱ ክብደት መውረድ የለበትም፤ ቀለል አድርገሽ ስትነቀንቂው ግን መውጣት አለበት። ከላላ ጉዳቱ መሬት ላይ መውደቁ ብቻ አይደለም። ነዳጁ እንዳለቀ ክንፍ ያለውን የታችኛውን ክፍል አየር ወደ ኋላ ይይዘዋል፣ የላይኛው ይቀድመዋል፣ ሮኬቱ ገና እየሮጠ ሳለ ይለያያል፤ ፓራሹቱም በዚያ ፍጥነት ይቀደዳል። ከጠበቀ ደግሞ ጋዙ ሞተሩን ራሱን ወደ ኋላ ይተፋዋል። ለላላው የወረቀት ፕላስተር አንድ ዙር ብቻ፣ ጫፎቹ ሳይደራረቡ ጠቅልዪበት፤ ዲያሜትሩ በ0.25 ሚ.ሜ. ገደማ ይጨምራል። ትከሻው የላላው የመጀመሪያ አፍንጫሽም በዚሁ ይድናል፣ ሞላላነቱን ግን አያስተካክለውም።

ሱፐር ግሉን በሙሉ ማጠጣቱን አልደግፍም። ለስላሳው ቦታ ብዙ ይጠጣል፣ ጠንካራው ጥቂት፤ ከዚያ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ስታሻሺው እኩል አይወርድም። ለአፍንጫው ሦስት አራት ጊዜ ማሸጊያ፣ በየመሐሉ 320 ይበቃዋል።

ባለክንፍ

በሙሉው ላይ እስማማለሁ። ሁለት ቦታ ላይ ግን ሱፐር ግሉ ሳይነካ አይቅር፦ የጫፉ 15 ሚ.ሜ. እና የሚንሸራተተው ትከሻ። ጫፉ በመጀመሪያው ማረፍ ይደፈጠጣል። ትከሻው ደግሞ በእርጥብ ጠዋት ያብጥና ቤት ውስጥ ልክ የነበረው ሜዳ ላይ አልወጣ ይላል። ቀጭኑን ሱፐር ግሉ አጠጪው፣ ሲደርቅ በ320 አሻሽተሽ እንደገና ልኪ። ደጅ አውጥተሽ ሥሪው፤ ባልሳ ሲጠጣው ይሞቃል፣ ጭሱም ዓይን ያቃጥላል።

ሚዛን_ጠባቂ

መሸጋገሪያውን ቶርኖ ላለው ሰው ለማሠራት ካሰብሽ የቱቦዎቹን ስም ብቻ ጽፈሽ አትላኪ። በሥዕል ላይ የሚታየውን ርዝመት (60)፣ የሁለቱን ትከሻ ርዝመት (30 እና 20)፣ ሁለቱን የውጭ ዲያሜትር፣ ራስሽ የለካሽውን የውስጥ ዲያሜትር፣ የመሐሉን ዘንግ 6 ሚ.ሜ. እና ከ15 ግራም እንዳይበልጥ መፈለግሽን ጻፊ። ቱቦ ከሠሪ ሠሪ ትንሽ ስለሚለያይ ከያዝሽው ከእያንዳንዱ ቱቦ 50 ሚ.ሜ. ቁራጭ አብረሽ ላኪ፤ ትከሻውን እያስገባ ይሞክርበታል።